አቧራ የሌለበት ማኅደር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቀኝ ያስፈረሙኝ ወረቀት ስለ ዝምታ ነበር። በሥራዬ ምክንያት ያየሁትን፣ ያነበብኩትንና የሰማሁትን ለቤተሰቤም ቢሆን አልናገርም፤ ብናገር በወታደራዊ ሕግ ልጠየቅ ይላል። ሃያ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዘመን አሰላ ላይ የጽሕፈት ሥራ ያገኘች ልጅ እንኳን ዝምታ፣ ሌላም ነገር ትፈርማለች። እኔም አንብቤ ሳልጨርስ ፈረምኩ።

መሥሪያ ቤቱ ወታደር የሚመለምል፣ የዘማች ቤተሰብንም ጉዳይ የሚይዝ ነበር። ፊት ለፊት የመቶ አለቃው ቢሮ፣ ቀጥሎ የእኔ የጽሕፈት መኪና ያለችበት ጠባብ ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ መዝገብ ቤቱ። መዝገብ ቤት ስል ጥሩ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መስኮቱ በቆርቆሮ የተመታ፣ ማኅደር በማኅደር ላይ የተከመረበት ጓዳ ነው። አቧራው ጣት ያሰምጣል። እዚያ ውስጥ የስንቱ ሰው ነገር ነበር! የማን ልጅ ከጦር ሜዳ እንደጠፋ፣ የማን ባል እግሩን እንዳጣ፣ የማን ሚስት ስለ ጎረቤቷ ምን ብላ እንዳመለከተች። መቶ አለቃው የመጀመሪያው ቀን ላይ ሕጉን በአጭሩ ነገሩኝ። ማኅደር የሚታየው ለሚመለከተው አለቃ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ የራሴን አሳዩኝ ቢል እንኳ አይታይም።

"የራሱ ሆኖ ለምን አይታይም?" አልኩ። ምላሴ ያኔም አያርፍም ነበር።

"ማኅደር ስለ ሰውዬው ነው እንጂ የሰውዬው አይደለም" አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አይቀልዱም። ሲቀልዱም አይቼ አላውቅም።

የአባቴም ማኅደር እዚያ ነበር። አባቴ ወታደር ነበር፤ በምሥራቅ በኩል በነበረው ጦርነት ነው የሞተው። እኔም ሥራውን ያገኘሁት የሟች ወታደር ልጅ ነች ተብሎ ነው። ማኅደሩ ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስገባ ስወጣ ጀርባውን አየዋለሁ። አንድም ቀን ግን አልነካሁትም። ፈርሜያለሁ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ አልፋለሁ።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ቀበሌዎቹ የቤተሰብ ቅጻቸውን ይልኩልናል። እኛ ከቅጹ ላይ ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶችን እየለቀምን ዝርዝር እንሠራለን፤ ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ከቀትር በፊት፣ የጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ፣ እኔም ጣቶቼን እያሟሟቅሁ ስጽፍ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ የወንድሜን ስም አገኘሁት። ስሙን፣ የአባቴን ስም፣ የቤታችንን ቁጥር።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ እውነቴን ነው። ያ ወንድሜ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ ኩፍኝ ወስዶት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጽዱ ሥር ነው የተቀበረው። ጉድ እኮ ነው፣ የሞተ ሰው ለውትድርና ተጠራ! ከዚያ ስሙ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ በሞተ በዓመቱ ገደማ ቀበሌው የሕብረት ሱቁን ሸቀጥ ሊያከፋፍል ቤት ለቤት ዞሮ ቤተሰብ መዘገበ። ስኳር፣ ሳሙናና ጨው የሚሰጠው በራስ ቁጥር ነበር። መዝጋቢው በራችን ላይ ቆሞ እናቴን "ስንት ልጅ አለሽ?" ሲላት "ሦስት" አለች። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ነጠላዋን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት፤ እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም። መዝጋቢው የሟቹን ስም ከእኔ በታች፣ ከታናሽ ወንድማችን በላይ አድርጎ ጻፈው። እኔም ዝም አልኩ።

እናቴን ብቻ እንዳትፈርዱባት። እኛ ሠፈር ከሞተ በኋላ ስኳር ያልተቀበለ ሰው ጥቂት ነው። የጎረቤታችን አማት ከተቀበሩ በኋላ አራት ዓመት ሳሙናቸውን ወስደዋል። ሆድ የገፋች ሴት ልጇን ሳትወልድ ታስመዘግባለች። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ማንንም አይናገርም፤ ዝም አይነቅዝም ነው። ነገር ግን ለስኳር የተጻፈ ወረቀት አንድ ቀን ዳገቱን ወጥቶ ወታደር ቤት ይነበባል ብሎ ማን አሰበ? ማንም! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ የሰማሁት ስንት ጊዜ ነው፤ የገባኝ ግን ያን ማክሰኞ ነው።

አሁን የፈራሁትን ልንገራችሁ። የተጠራ ሰው ካልቀረበ ቤተሰቡ ደብቆታል ይባላል፤ ወንድም ካለው በምትኩ ይወሰዳል። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በእጄ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ። ታናሽ ወንድማችን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል። ቁመቱ ረዝሟል እንጂ ገና ልጅ ነው፤ ሲበላ የሚያነብ፣ ሲያነብ የሚስቅ። የተጠራው ሞቷል ብንል ደግሞ እናቴ ሰባት ዓመት የሙት ድርሻ በልታለች ማለት ነው። በሁለት ሳሙና አሻጥረኛ ተብላ ቀበሌ እስር ቤት የከረመች ሴት አውቃለሁ። ዝርዝሩን አይቼዋለሁ ብዬ ቤት ብነግር እኔ በፊርማዬ እጠየቃለሁ። በየትኛውም በኩል ገደል ነው።

ቁጥር አሥራ ሰባትን ልዝለለው እንዴ? አሰብኩት። ግን መቶ አለቃው ስሙን ከቅጹ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራሉ። ስለዚህ ጻፍኩት። የሞተውን ወንድሜን በገዛ እጄ፣ ከነካርቦኑ አራት ቅጂ አድርጌ ለውትድርና ጻፍኩት። ያገለገለ ካርቦን ፊደሉ ስለሚነበብ ይቃጠላል፤ እሱንም ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩ። ክብሪቱ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ።

እቤት ስገባ ታናሽ ወንድሜ ፊቴን አይቶ "ምነው፣ ጄኔራል አደረጉሽ እንዴ? ሰላምታ ልስጥሽ?" አለና ተነሥቶ እግሩን አጋጨ። እናቴ ሳቀች። እኔ እራሴን አሞኛል አልኩና ወጡን እንኳ ሳልነካ ተነሣሁ። አምስት ቀን እንዲህ ሆኜ ከረምኩ። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድሜ እነሣለሁ። ወንድሜ ዳቦ ሲጎርስ አየዋለሁ፣ ጫማውን ሲያስር አየዋለሁ፤ እሱ ደግሞ "ምን ታፈጪብኛለሽ?" ይለኛል።

የፈሩት ይደርሳል፤ እሑድ ረፋድ ላይ የቀበሌው መልእክተኛ መጣ። እናቴ ስለማታነብ ራሱ አነበበላት። ስሙን ጠርቶ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይቅረብ አለ። እናቴ "እሱ እኮ…" ብላ ጀመረችና አቆመች። ሰውዬው ወደ መሬት አየ። ለካ እሱም ያውቃል! የወንድሜ ቀብር ዕለት የእድሩን ድንኳን ከተከሉት አንዱ እሱ ነበር።

"እማማ፣ እኔ ወረቀት አድራሽ ነኝ" አለ በዝግታ። "በመዝገብ አለ ተብሏል፣ አለ ነው። ካልቀረበ ታናሹን ነው የሚወስዱት። የሰማሁትን ልንገርዎ ብዬ ነው።"

እሱ እንደወጣ እናቴ መሯሯጥ ጀመረች። ሳጉሬ ከተማ የምትኖር እህት አለቻት፤ ገብስ ሊጭን በሚሄድ መኪና ልጁን ልስደደው አለች። ግን ከከተማው መውጫ ኬላ አለ፤ መሸኛ ወረቀት የሌለው ጎረምሳ የሚታፈሰው እዚያው ኬላው ላይ ነው። ወንድሜ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ፣ ያንን የማያርፍ አፉን ከፈተ። "ምን ችግር አለ፣ ልሂድለታ። የታላቅ ተራ ታናሽ ቢወስድ ነውር ነው?" እናቴ በጥፊ መታችው። መትታው አታውቅም ነበር። እሱ ጉንጩን ይዞ ቀረ፤ እሷ እጇን እያየች አለቀሰች።

"እባክሽ እንግዲህ" አልኳት፣ "አንድ መላ አይጠፋም።"

"መላ የማን ነው? አባት የላችሁ! አባታችሁማ ያኔም አልመጣ" አለች።

ይህቺን ነገር ልጅነቴን ሙሉ ሰምቻታለሁ። ወንድሜ ሲሞት ለአባቴ ቴሌግራም ተልኮ ነበር። እናቴ ከዴራ በኩል የሚመጣውን አውቶብስ እየጠበቀች ቀብሩን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየችው። ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ካህናቱ እየተቆጡ። አባቴ አልወረደም። ከወር በኋላ ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኔ ግዳጅ ላይ ነኝ፤ በቃ። በዓመቱ እሱም ሞተ። ጥቁር ለብሳለታለች፣ ወጉን አድርሳለች፤ ፎቶግራፉን ግን ከሣጥን አውጥታ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም። "ልጁን ሳይቀብር የቀረ ሰው" ትለዋለች፣ ስሙን አትጠራም።

ያን ዕለት ግን ያቺ ክፉ ቃል ሌላ ነገር አስታወሰችኝ። ቴሌግራሙ ከደረሰው ለአለቆቹ አመልክቶ ይሆናል። ወታደር ቤት ደግሞ ወረቀት አይጥልም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ቀረሁ። ዘበኛው፣ የአርሲ ተወላጅ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ምሳ የለም?" የምጨርሰው አለ ብዬ ወደ መዝገብ ቤቱ ገባሁ። የአባቴን ማኅደር ሳብኩትና አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ገለጥኩት።

ነበረ! ማመልከቻ፣ በአባቴ የእጅ ጽሕፈት፦ ልጄ ስላረፈብኝ ቀብሩን እንዳደርስ ፈቃድ ይሰጠኝ። ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ ግዳጅ ላይ ስለሆንን አልተፈቀደም። ገጹን ስገልጥ ሌላ ማመልከቻ፦ ቀብሩ ቢያመልጠኝም አርባውን እንድደርስ። አሁንም በቀይ፣ አልተፈቀደም። ሦስተኛም ነበረ፦ አርባውም አለፈ፣ ሦስት ቀን ብቻ ይሰጠኝ፣ የልጄን እናት አይቻት ልመለስ። አልተፈቀደም።

እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ራሴን ቀና አድርጌ ቆምኩ። ከዚያ እንደነበረ ዘጋሁት። አልቅሶ መክረሚያ ጊዜ አልነበረም፤ ቀኑ ነገ የሚያልቅ ነው። የልጁ ሞት በጽሑፍ፣ ያውም በሠራዊቱ ማኅተም አለ። ለወንድሜ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ማታ እናቴን ጓሮ ወስጄ በሹክሹክታ ነገርኳት። "ነገ ቢሮ ነይ። ልጄ ሞቷል በይ። ማስረጃ ሲሉሽ የባሌን ማኅደር እዩልኝ በያቸው።"

"ምን አለ እዚያ?"

"የልጁ መሞት ተጽፏል።"

"ምን ብሎ ነው የጻፈው?"

"እሱን አትጠይቂኝ። ፈርሜያለሁ።"

አቤት የእኔ ነገር! ግማሹን መሐላ አፍርሼ ግማሹን ጠበቅሁ ብዬ ነው። ለወንድሜ የሚሆነውን ልንገር እንጂ የቀረው የእኔ አይደለም፣ የመሥሪያ ቤቱ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ልክ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ገባች። እንደማንተዋወቅ ሆንን፤ መቶ አለቃው ግን እናቴ መሆኗን ያውቃሉ። "ልጄ ሞቷል ጌታዬ፤ የባሌን ማኅደር ይዩልኝ" አለች። እሳቸው ማኅደሩን እንዳመጣ አዘዙኝ። አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሽፋኑን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጣታቸውን አዩት።

"ይህ ማኅደር አቧራ የለውም" አሉ።

ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የማኅደሩን አቧራ ጠርጌ፣ የሌሎቹን እንዳለ ትቼ! እንዲህ ዓይነት ጅልነት ይኖራል?

እሳቸው ወደ እናቴ ዞሩ። "እማማ፣ እዚህ ውስጥ የልጁ ነገር እንዳለ ማን ነገረዎት?"

"ባሌ ነዋ" አለች እናቴ፣ ሳታመነታ።

"ባለቤትዎ ሞተዋል እኮ።"

"ሳይሞት ነዋ የነገረኝ። ያኔ ጽፎልኛል። ለአለቆቼ አመለከትኩ ብሎ።"

የእናቴን ፊት አየሁት፤ ውሸት የሚባል ነገር አይታይበትም። መቶ አለቃው ማኅደሩን ገለጡና፣ ለማመሳከር ይሁን ወይ ለሌላ አላውቅም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያውን አነበቡ፣ ቀዩን አነበቡ። ሁለተኛውን አነበቡ። ሦስተኛውን፣ "የልጄን እናት አይቻት ልመለስ" የሚለውን ሲያነቡ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ።

"ይህንን ነው የጻፉልዎት?"

እናቴ ይህን ስትሰማ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። ይህንን በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብታለቅስ፣ ብትደነግጥ፣ "ምን?" ብትል፣ ባሌ ነገረኝ ያለችው ውሸት ይሆንና እኔ አለቀልኝ። እጆቿ ነጠላዋ ሥር እርስ በርስ ሲያያዙ አየሁ።

"አዎ" አለች። "ይህንኑ ነው።"

"ታዲያ ሞቶ እያለ ለምን አስመዘገቡት?"

"ስንት ልጅ አለሽ ሲሉኝ አፌ ሁለት ማለት እንቢ አለኝ። ስኳሩንም በልቻለሁ፣ አልዋሽም።"

መቶ አለቃው ማኅደሩን ዘጉት። "የስኳሩን ቀበሌው ይጠይቅዎት፤ የእኔ ሥራ ወታደር ነው" አሉና፣ በሞት ምክንያት ከዝርዝር የተሰረዘ የሚል ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ከስሙ በታች አሳረፈች። ስትወጣ መቶ አለቃው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ይሁን" አሉ። እናቴንም ሸኝተሽ ነይ አሉኝ።

ቀበሌው ስኳራችንን ስድስት ወር ከለከለን፤ እስር አልመጣም። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ አስተማሪ ሆነ፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ዛሬም ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጠጣው፤ ስቆጣው "የወንድሜንም ድርሻ ነው" ይለኛል።

ያን ማክሰኞ ግን ከግቢው ወጥተን፣ የባሕር ዛፉን አጥር ታክከን ስንወርድ፣ እናቴ በመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አውራ ጣቷ ገና ጥቁር ነው። ላነሣት ጎንበስ አልኩ።

"አንብበሽው ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምስጢር ነው ብዬ… ፈርሜ…"

"ባሌ እኮ ነው!" ብላ ጮኸች። የሚያልፍ ሰው ዞሮ አየን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሦስት ጊዜ ነው የለመነው?"

"ሦስት ጊዜ ነው።"

"በራሱ እጅ ነው የጻፈው?"

"በራሱ እጅ ነው፣ እማዬ።"

ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዴራ የሚወስደውን መንገድ አየች። ያን ጊዜ አውቶብሱን የጠበቀችበትን መንገድ ማለቴ ነው።

"ታዲያ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንን ነው የረገምኩት?" አለችኝ።

ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፣ ቢሮም እየጠበቁኝ ነበር፤ እሷ ግን አልተነሣችም፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።